ነፃ ሊነክስ ላይ ዝግ ድራይቨር፦ የቱን እንጫን፣ የቱን እንተው?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ያገኘውን ማሽን ሁሉ አይቀበልም። ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ በጥቅሉ ከ8ኛ ትውልድ ወዲህ የተሠራ መሆን አለበት። ደብረ ብርሃን፣ ሸዋ ሮቢት ወይም መሐል ሜዳ አንድ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ብትገቡ ግን ጠረጴዛው ላይ የምታገኙት ብዙ ጊዜ ከዚያ በፊት የተሠራ ማሽን ነው። 4ኛ ትውልድ ኮር አይ 3፣ 4 ጊጋባይት ራም። ማሽኑ ምንም አልሆነም። ማመልከቻ ይጻፍበታል፣ ሲቪ ይታተምበታል፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ይስተካከልበታል።

ባለቤቱ ሁለት ምርጫ አለው። አንዱ የደህንነት አፕዴት በማይመጣለት፣ ብዙ ጊዜም በክራክ አክቲቬት በተደረገ ዊንዶውስ መቀጠል ነው። ሌላው በዊንዶውስ ምትክ የሚሠራውን ነፃ ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ሊነክስን መጫን ነው። ሊነክስን የመረጡ ሰዎች ማሽኑን ፎርማት አድርገው እንደጨረሱ የሚያነሱት የመጀመሪያ ጥያቄ ሁሌም ተመሳሳይ ነው፦ «ዋይፋዩ የት ሄደ?»

የዋይፋይ ካርዱ አልተበላሸም። ካርዱ የሚፈልገው ትንሽ ፕሮግራም ነው የሌለው። ያ ፕሮግራም ዝግ ነው፤ ኮዱን ከአምራቹ በቀር ያየው የለም። ሊነክስ ደግሞ የተሠራው በነፃ ሶፍትዌር መርሕ ነው። ማንም ሰው ኮዱን ሊያይ፣ ሊያስተካክል፣ አባዝቶ ለሌላ ሊሰጥ ይችላል። ሁለቱ የሚጋጩት እዚህ ጋ ነው። ዝጉን ጨምረን ማሽኑን እናሠራው ወይስ መርሑን ጠብቀን ያለ ዋይፋይ እንቀመጥ?

ክርክሩ ዓመታት ያስቆጠረ ነው። ከሰሜን ሸዋ ሆኜ ሳየው ግን ሚዛኑ ሌላ ቦታ ያርፋል። «ኮዱ ይታያል ወይ?» የሚለው ጥያቄ አስፈላጊ ነው። እኛ ዘንድ ግን «ይህን ነገር በፍላሽ ገልብጬ ለሌላ ሰው መስጠት ይፈቀድልኛል ወይ?» የሚለው ይበልጣል። ኢንተርኔቱ ዛሬ ኖሮ ነገ በማይኖርበት አካባቢ፣ ገልብጦ የመስጠት መብት የሊነክስ ትልቁ ጥቅም ነው። የትኛውን ዝግ ነገር እንቀበል፣ የትኛውን እንተው የሚለውንም በዚሁ መለካት እንችላለን።

ፈርምዌሩን ያለ ጸጸት ጫኑ

ሰው ሁሉንም ጠቅልሎ «ድራይቨር» ይለዋል። ነገሩ ግን ሦስት ነው። ፈርምዌር መሣሪያው ራሱ ውስጥ የሚሮጥ ፕሮግራም ነው። ድራይቨር ከርነሉ (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ውስጥ ገብቶ መሣሪያውን የሚያዝ ነው። አፕሊኬሽን ደግሞ እኛ የምንከፍተው ነው፤ ክሮም፣ ዙም፣ ፒችትሪ። ሦስቱም ዝግ ሊሆኑ ይችላሉ። የሚያመጡት ጣጣ ግን እኩል አይደለም።

የዋይፋይ ካርድ የራሱ ፕሮሰሰር ያለው ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ድሮ አምራቾች ፈርምዌሩን ካርዱ ላይ ባለ ቺፕ ውስጥ አስቀምጠው ይሸጡ ነበር። በኋላ ወጪ ለመቀነስም፣ ፈርምዌሩን በቀላሉ ለማደስም ብለው ቺፑን አስቀሩት። አሁን ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ፈርምዌሩን ወደ ካርዱ ይልካል። የኢንቴልና የሪያልቴክ ካርዶች አብዛኞቹ እንዲህ ነው የሚሠሩት። ድራይቨራቸው ክፍት ነው፤ ሊነክስ ከርነል ውስጥ ተካቷል። የጎደለው ፈርምዌሩ ብቻ ነው።

የነፃ ሶፍትዌርን ንቅናቄ የጀመረው ሪቻርድ ስቶልማን እና እ.ኤ.አ. በ1985 የመሠረተው ፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን በዚህ ላይ ጥብቅ ናቸው። ዝግ ፈርምዌር የሚያቀርብ ዲስትሮ (ለመጫን ተዘጋጅቶ የሚታደል የሊነክስ ዓይነት) አያጸድቁም። ዴቢያን፣ ኡቡንቱና ፌዶራ በዝርዝራቸው ውስጥ የሉም። ትሪስኬል አለ። ከቺፑ ጋር ታትሞ የመጣና የማይቀየር ፈርምዌር ግን ችግር የለውም ይላሉ። አምራቹ ራሱ ሊለውጠው ስለማይችል እንደ ሃርድዌሩ አካል ይቆጥሩታል። ለዚህ ድርጅት ትልቅ ክብር አለኝ፤ ያለ እሱ ዛሬ የምንነጋገርበት ነገር አይኖርም ነበር። እዚህ ላይ ግን አልስማማም። ያው ዝግ ኮድ ነው። ካርዱ ላይ ተጣብቆ ሲመጣ ዝም የምንለው፣ ፋይል ሆኖ ስናየው የምንከለክለው ከሆነ፣ ተጠቃሚው ያገኘው ተጨማሪ ነፃነት አይታየኝም።

የፕሮሰሰሩን ጉዳይ ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018 ሜልትዳውንና ስፔክተር የሚባሉ የፕሮሰሰር ክፍተቶች ይፋ ሆኑ። ከመከላከያዎቹ አንዳንዶቹ ማይክሮኮድ የሚባለውን የፕሮሰሰሩን የውስጥ ፕሮግራም ማደስ ይጠይቁ ነበር። ማይክሮኮድም ዝግ ነው። አልጭንም ያለ ሰው ፕሮሰሰሩ ነፃ አይሆንለትም። ፋብሪካ የገባው አሮጌ ዝግ ማይክሮኮድ ከነክፍተቱ መሥራቱን ይቀጥላል።

ዴቢያን ይህን ጥያቄ የፈታው በአደባባይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ባጸደቀው ማኅበራዊ ውል ዴቢያን መቶ በመቶ ነፃ ሆኖ እንደሚቀጥል ቃል ገባ። ዝግ ፓኬጆች «ነን-ፍሪ» የተባለ የተለየ ክፍል ውስጥ ተቀመጡ። መጫኛው ዲስክ ላይ አይገኙም ነበር። ስለዚህ ጫኚው መሐል ላይ ይቆምና የጎደሉትን የፈርምዌር ፋይሎች ስም ዘርዝሮ በፍላሽ አቅርቡልኝ ይል ነበር። ለጀማሪ ያ ዝርዝር ምንም አይነግረውም። ፈርምዌሩን ያካተተ ሌላ ዲስክ ነበር፤ ግን «ይፋዊ ያልሆነ» ተብሎ ለማግኘት በሚያስቸግር ቦታ ነበር የተቀመጠው።

እ.ኤ.አ. በ2022 የዴቢያን አባላት ድምፅ ሰጡበት። ፈርምዌሩ ይፋዊው መጫኛ ውስጥ እንዲገባ ተወሰነ። በጁን 2023 የወጣው ዴቢያን 12 በዚህ መልክ መጣ። ፈርምዌሩ ከሌላው ዝግ ሶፍትዌር ተነጥሎ «ነን-ፍሪ-ፈርምዌር» የሚል የራሱ ክፍል ተሰጠው። ጫኚው ማሽናችሁ ምን እንደሚፈልግ ለይቶ ያስገባል፤ የማይፈልግ ሰው ሊያስቀረው ይችላል።

እኔ የምወደው ይህን መለያየት ነው። ዋይፋዬ እንዲሠራ የፈቀድኩት ፈርምዌር፣ ያልጠየቅሁትን ዝግ ፕሮግራም ሁሉ ይዞብኝ አይገባም። የተጫኑትን ዝግ ፓኬጆች ዘርዝሮ የሚያሳይ ትንሽ ፕሮግራምም ዴቢያን ውስጥ አለ። ለዓመታት ቪአርኤምኤስ በሚል ስም ይታወቅ ነበር። ማሽኑ ውስጥ ምን ዝግ ነገር እንዳለ በአንድ ትእዛዝ ማየት መቻል ቀላል ነገር አይደለም።

ኢንተርኔት ሲጠፋ የሚታየው ልዩነት

«ፈርምዌሩን ከኢንተርኔት አውርድ» የሚለው ምክር ኢንተርኔት ላለው ሰው ነው። እኛ ጋ ኢንተርኔቱ የሚመጣው በዚያው በጠፋው ዋይፋይ ነው። የኔትወርክ ገመድ የገባለት ቤት ጥቂት ነው። ቀጫጭኖቹ ላፕቶፖች ደግሞ የገመድ መሰኪያም የላቸውም።

ስልክ ላይ ዳታ ካለ መላ አለው። የአንድሮይድ ስልኩን በዳታ ኬብል ከላፕቶፑ ጋር አገናኙ። ስልኩ ላይ የሆትስፖት ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ዩኤስቢ ቴተሪንግ የሚለውን አብሩ። ሊነክስ ስልኩን እንደ ባለገመድ ኔትወርክ ያየዋል። ለዚህ ምንም ዝግ ፈርምዌር አያስፈልገውም። ከዚያ የጎደለውን ማውረድ ነው። ኬብሉ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ዓይነት ከሆነ አይሠራም፤ ምርጫው ጭራሽ አይበራላችሁም፣ ሌላ ኬብል ሞክሩ። ይህን ባለማወቅ ብቻ ባለሙያ ላፕቶፑን ወደ ክራክ ዊንዶውስ ሲመልሰው አይቻለሁ። በጣም ያሳዝናል።

ዳታውም ከሌለስ? ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ሁላችንም ኖረንበታል። ባለገመድ ኢንተርኔት ለሌለው የደብረ ብርሃን ሰው፣ በሜጋባይት የምትለካ የፈርምዌር ፋይል 130 ኪሎ ሜትር ርቃ አዲስ አበባ ነበረች ማለት ነው። ያን ጊዜ ሥራ ያስቀጠለው ፍላሽ ነው።

የፈቃዱ ነገር ወሳኝ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው። ኢንቴል፣ ኤኤምዲና ሪያልቴክ ፈርምዌራቸውን ማንም ሰው ሳይለውጥ አባዝቶ እንዲያከፋፍል ፈቅደዋል። ኮዱን አያሳዩም፤ መገልበጥ ግን አይከለክሉም። ስለዚህ ዴቢያን በዲስኩ ላይ ሊያካትተው ቻለ። አንድ ሰው አዲስ አበባ ላይ ያወረደውን ዲስክ ደብረ ብርሃን ላለ ጓደኛው መስጠት ይችላል። እሱ ለአንኮበር፣ የአንኮበሩ ለሌላ። ማንም ሕግ አይጥስም፣ ማንም ክራክ አይፈልግም።

ሁሉም እንዲህ አይደለም። ብሮድኮም ለድሮ የዋይፋይ ካርዶቹ ይህን ፈቃድ አልሰጠም። ዴቢያን ላይ ያለው ፓኬጅ ፈርምዌሩን አልያዘም። ስትጭኑት ኢንተርኔት ገብቶ የኩባንያውን የቆየ ድራይቨር ያወርድና ፈርምዌሩን ከውስጡ ያወጣል። ኢንተርኔት ከሌለ ፓኬጁ በእጃችሁ ቢኖርም ጥቅም የለውም።

ፕሪንተርም አለ። በየጽሕፈት ቤቱ የምትታየው ኤችፒ ሌዘርጄት 1020 ፈርምዌሯን በውስጧ አትይዝም። ባበራችኋት ቁጥር ኮምፒውተሩ እንዲልክላት ትጠብቃለች። ሊነክስ ላይ የኤችፒን ፕሪንተሮች የሚያሠራው ሶፍትዌር ኤችፒሊፕ ይባላል። እሱ ራሱ ክፍት ነው። ለዚህች ፕሪንተር ግን ዝግ ተጨማሪ ፋይል ይፈልጋል። ዲስትሮዎቹ ያን ፋይል በማከማቻቸው አያስቀምጡትም፤ እያንዳንዱ ተጠቃሚ ራሱ ማውረድ አለበት። የፋይሉ ቁጥርም ከተጫነው የኤችፒሊፕ ቁጥር ጋር አንድ መሆን ይኖርበታል። ሲስተሙን አሳድጋችሁ ኤችፒሊፕ ከተቀየረ የድሮው ፋይል አይሆንም። ሰኞ ጠዋት ደንበኛ ተሰልፎ ፕሪንተሩ ዝም ሲል ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። ካኖን ኤልቢፒ 6030 ያላችሁም ድራይቨሩን የምታገኙት ከካኖን ነው። እነዚህን ፋይሎች ኢንተርኔት ባለ ቀን አውርዳችሁ ለራሳችሁ መጠባበቂያ አስቀምጡ። ትልቅ አፕዴት ከማድረጋችሁ በፊትም አዲሱ ፋይል በእጃችሁ መኖሩን አረጋግጡ።

ፎንትን በአጭሩ ላንሳ። ከዊንዶውስ የመጣ የአማርኛ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ በኒያላ ፎንት የተጻፈ ነው። ኒያላ የማይክሮሶፍት ነው፤ ወደ ሊነክስ ገልብጡት የሚል ፈቃድ የለውም። መገልበጡም አያስፈልግም። አቢሲኒካ ኤስአይኤል እና ኖቶ ሰንስ ኢትዮፒክ ነፃ ናቸው፣ ያምራሉም። ሊብረኦፊስ ሴቲንግ ውስጥ የፎንት መተኪያ ሠንጠረዥ አለ። ኒያላ ሲመጣ በአቢሲኒካ ተካ ብላችሁ አንዴ ሙሉት። የገጽ አሰባበሩ ትንሽ ሊንቀሳቀስ ይችላል፤ ፊደሉ ግን ይነበባል።

የማይነበበው ሌላ ነው። ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን የሚለዩበት የጋራ ሥርዓት) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ብዙ ቦታም ከዚያ በኋላ፣ ቢሮዎች የሚጽፉት ዩኒኮድ ባልሆኑ የንግድ ፎንቶች ነበር። ያን ፋይል ፎንቱ በሌለበት ማሽን ስትከፍቱት የላቲን ፊደልና የምልክት ትርምስ ነው የሚወጣው። የወረዳ ጽሕፈት ቤት ውስጥ የሠራ ሰው ያውቀዋል። የአንድ መሥሪያ ቤት የዓመታት ቃለ ጉባኤ በአንድ ዝግ ፎንት ታስሮ ይቀራል። የዝግ ሶፍትዌር ጉዳቱ ሩቅ አገር ያለ ክርክር የሚመስለው ሰው ካለ ከእነዚያ ፋይሎች አንዱን ይክፈት።

ዝግ ድራይቨር ላይ ቆም በሉ

ፈርምዌር መሣሪያው ውስጥ ይሮጣል። ዝግ ድራይቨር ግን ከርነሉ ውስጥ ገብቶ ሙሉ ሥልጣን ይዞ ነው የሚሮጠው። ከርነሉ በተቀየረ ቁጥርም አብሮ መስተካከል አለበት። አምራቹ ሰለቸኝ ካለ ሌላ ማንም በወጉ ሊያስተካክለው አይችልም።

ብሮድኮም ቢሲኤም 43142 ካርድ በርካሽ የኤችፒና የዴል ላፕቶፖች ላይ በብዛት አለ። የሚሠራው «ደብሊውኤል» በሚባል ዝግ ድራይቨር ነው። ኩባንያው የመጨረሻውን እትም ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ከዚያ ወዲህ በየአዲሱ ከርነል እንዲሠራ ከላይ ከላይ የሚጠግኑት የዲስትሮዎቹ ሰዎች ናቸው። ዝጉን ክፍል አያዩትም፤ ዙሪያውን ብቻ ይነካካሉ። አንድ ቀን ጥገናው ሳይደርስ አዲስ ከርነል ከገባ ዋይፋዩ ይሄዳል። በዚህ ካርድ ለሚሠራ ሰው የምሰጠው ምክር አዲሱ ከርነል ሲገባ አሮጌውን እንዳያጠፋ ነው። ማሽኑ ሲነሣ በሚመጣው የቡት ሜኑ ከአሮጌው መግባት ይቻላል።

የግራፊክስ ካርድ አምራቹ ኢንቪዲያ ደግሞ የታወቀ ነው። የሊነክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2012 ፊንላንድ ውስጥ በሕዝብ ፊት ተሳድቦበታል። ኩባንያው በሜይ 2022 የከርነሉን ክፍል ኮድ ከፍቷል፤ ግን ለአዳዲስ ካርዶች ነው፣ ከቱሪንግ ትውልድ ጀምሮ ላሉት። እኛ እጅ ያሉት አሮጌዎቹ ናቸው። 340 የተባለው የድራይቨር መስመር ድጋፍ በ2019 መጨረሻ፣ 390 የተባለው በ2022 መጨረሻ አበቃ። ካርዱ ጤነኛ ሆኖ ድራይቨሩ ሞተ። ክፍቱ ኑቮ የሚባለው ድራይቨር ግን ለእነዚያ ካርዶች ዛሬም ከርነሉ ውስጥ አለ። ፍጥነቱ ያንሳል። ለጽሑፍ፣ ለብራውዘርና ለፊልም ግን ይበቃል። ላፕቶፓችሁ የኢንቴል ግራፊክስም ያለው ከሆነና ቪዲዮ ኤዲቲንግ ወይም ባለሦስት አቅጣጫ ዲዛይን የማትሠሩ ከሆነ የኢንቪዲያን ዝግ ድራይቨር አትጫኑት። የኢንቴሉ ድራይቨር ክፍት ነው፣ ሥራችሁን ይወጣል።

ከጫናችሁ ደግሞ ይህን እወቁ። ኡቡንቱ ላይ ሴኪዩር ቡት (ማሽኑ ሲነሣ ያልተረጋገጠ ኮድ እንዳይገባ የሚከለክለው) በርቶ ከሆነ፣ ዝግ ድራይቨር ስትጭኑ የይለፍ ቃል አውጡ ይላችኋል። ሪስታርት ስታደርጉ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል። ጥቂት ሰኮንድ ጠብቆ ካልነካችሁት አልፎ ይሄዳል። ብዙ ሰው ቫይረስ መስሎት ወይም ደንግጦ ያልፈዋል። ከዚያ ድራይቨሩ ተጭኗል ይላል፣ ግን አይሠራም። እዚያ ስክሪን ላይ ቁልፉን አስመዝግብ የሚለውን መርጣችሁ ያወጣችሁትን የይለፍ ቃል ማስገባት ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ። ሲስተሙ «ይህ የውጭ ድራይቨር ከርነሌ ውስጥ እንዲገባ ባለቤቱ ራሱ ፈቅዷል ወይ?» ብሎ እየጠየቀ ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው።

አፕሊኬሽኖች

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ምትክ ስላለ። ለክሮም ፋየርፎክስና ክሮሚየም አሉ። ቪኤልሲ ሁሉን ያጫውታል። የቴሌግራም ዴስክቶፕ ኮድ ክፍት ነው። ክሮም ካስፈለጋችሁ ሲጫን የራሱን የፓኬጅ ምንጭ ሲስተሙ ላይ እንደሚጨምር እወቁ። አንድን ምንጭ መጨመር ማለት በሚቀጥሉት አፕዴቶች ሁሉ ማሽናችሁ ላይ ሙሉ ሥልጣን መስጠት ማለት ነው። ትልቅ ኩባንያ ሲሆን ይህን ታስቡበት ይሆናል። ከቴሌግራም ግሩፕ የተገኘ ወይም በማን እንደተዘጋጀ በማይታወቅ ፍላሽ የመጣ የመጫኛ ፋይል ሲሆን ግን ጭራሽ አትንኩት። ዊንዶውስ ላይ በክራክ የለመድነውን ልማድ ሊነክስ ላይ ይዘን ከመጣን መምጣታችን ምንም አልረባንም።

ፒችትሪን በተመለከተ ደግሞ እውነቱን መናገር ይሻላል። ፒችትሪ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን ሊነክስ ላይ በሚያሠራው በዋይን ላይ እናሠራዋለን ብሎ የድርጅት ሒሳብ ላይ መሞከር ተገቢ አይደለም። ሒሳብ ክፍሉ በፒችትሪ የሚሠራ ከሆነ ያችን አንድ ማሽን ዊንዶውስ ላይ ተዉአት። ድጋፍ ወዳለው ዊንዶውስ አሳድጓት፣ ያልታወቀ ፍላሽ አታስገቡባት። የጽሕፈት፣ የጸሐፊና የኅትመት ማሽኖቹን ወደ ሊነክስ አዙሩ። አንድ ፕሮግራም ስለማይሠራ ብቻ ሁሉንም ማሽን መልሶ ክራክ ዊንዶውስ ማድረግ ግን አይገባኝም።

ምንም ዝግ ነገር አልፈልግም ለሚልም መንገድ አለ። ኤአር 9271 ቺፕ ያለባቸው የዩኤስቢ ዋይፋይ መሰኪያዎች ፈርምዌራቸው ሳይቀር ነፃ ነው። ትሪስኬል ላይ እንደተሰኩ ይሠራሉ። ከአዲስ አበባ የሚያመጣላችሁ ሰው ካለ የሳጥኑን ስም ሳይሆን የቺፑን ቁጥር ጠይቁ፤ አንድ ዓይነት ሳጥን ውስጥ የተለያየ ቺፕ ይገኛል።

ለቀረነው፣ በተለይ ለደብረ ብርሃን ጥገና ቤቶች፣ ለኮሌጅና ለዩኒቨርሲቲ የአይሲቲ መምህራን አንድ ጥያቄ አለኝ። የዴቢያን የመጀመሪያው ዲቪዲ ፈርምዌሩን፣ ሊብረኦፊስንና ፋየርፎክስን ይዞ አንድ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ይገባል። ጫኚው ከሚያቀርባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ኢንተርኔት ባለ ቀን ከዴቢያን ይፋዊ ቦታ አውርዱት፣ የፋይሉን ቼክሰም (ፋይሉ ሳይጎድል መውረዱን የሚያሳይ መለያ ቁጥር) አመሳክሩ፣ በየላቦራቶሪውና በየሱቁ አንዳንድ ፍላሽ አስቀምጡ። ለሚጠይቅ ሁሉ ገልብጡለት። ፍላሹ አጠገብ ሁለት ነገር አይታጣ፦ ደህና የዳታ ኬብል፣ እና የዩኤስቢ ቴተሪንግ አሠራር የተጻፈበት ወረቀት።